የአንድ ሳንቲም ጋዜጣ፦ የዶሮቲ ዴይ ሕይወት

መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ጋዜጣና መጽሔት በመሸጥ ራሳቸውን እንዲችሉ የሚረዳ ሥራ ዛሬ በብዙ ታላላቅ ከተሞች ይታወቃል። በ1989 በኒው ዮርክ «ስትሪት ኒውስ»፣ በ1991 በለንደን «ቢግ ኢሹ» በዚህ ዓላማ ተጀመሩ። በዚህ እትም የምንተርከው ግን ከእነርሱ ብዙ ቀደም ብላ ጋዜጣንና ድኾችን በአንድ ጣሪያ ሥር ስላገናኘች ሴት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶሮቲ ዴይ በ1897 በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን ተወለደች። እንደ አባቷ ጋዜጠኛ ሆና በሶሻሊስት ጋዜጦች ስለ ሠራተኞች ችግር ትጽፍ ነበር። ወጣትነቷ ከቤተክርስቲያን የራቀና ሐዘን የበዛበት ነበር። በ1926 ልጇ ታማር ስትወለድ ግን ልቧ በምስጋና ተሞላ። ሕፃኗን አስጠመቀች፤ በ1927 መጨረሻ ራሷም ወደ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን ገባች። በዚህም ምክንያት ሃይማኖትን ከማይቀበለው ከልጇ አባት ተለየች።

በ1932 ዋሽንግተን ላይ የሥራ አጦችን ሰልፍ ስትዘግብ፣ ካቶሊኮች ከድኾቹ ጎን አለመታየታቸው አሳዘናት። በእመቤታችን ቤተ መቅደስ ተንበርክካ በእንባ ጸለየች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረንሳዊውን ፒተር ሞረንን አገኘችው። እርሱም የቤተክርስቲያንን ማኅበራዊ ትምህርት የሚያሰማ ጋዜጣ እንድትጀምር መከራት።

ግንቦት መጀመሪያ 1933 «ካቶሊክ ወርከር»፣ ማለትም የካቶሊክ ሠራተኛ፣ በ2,500 ቅጂ ታትሞ በዩኒየን አደባባይ ለሽያጭ ቀረበ። ድኻውም ገዝቶ እንዲያነበው ዋጋው አንድ ሳንቲም ሆነ። ጋዜጣው እንግዳን ስለ መቀበል ሲጽፍ፣ ማደሪያ ያጡ ሰዎች በሩን አንኳኩ። ዶሮቲም የጻፈችውን ከመፈጸም በቀር መንገድ አልነበራትም፤ ቤት ተከራየች፣ ሾርባ ቀቀለች። ጋዜጣው ለሻጮቹ ገቢ ተብሎ የተቋቋመ ባይሆንም፣ መጠለያ ፍለጋ ከመጡት አንዳንዶቹ ወጥ ቤት ገቡ፣ ጋዜጣ አጠፉ፣ በየአደባባዩም ሸጡ። ተረጂ ሆኖ የመጣው ባለ ሥራ ሆነ።

የሕትመቱ ብዛት በጥቂት ዓመታት ከ100,000 በላይ ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ዶሮቲ ጦርነትን ሁሉ በመቃወሟ ብዙ አንባብያን ሸሹ፤ አንዳንድ የእንግዳ መቀበያ ቤቶችም ተዘጉ። እርሷ ግን አቋሟን አልለወጠችም። በ1980 ከድኾች ጋር በምትኖርበት ቤት አረፈች። ከ2000 ጀምሮ የእግዚአብሔር አገልጋይ ተብላ ትጠራለች።

እኛም በየቁምስናችን ለችግረኛ እጃችንን ስንዘረጋ ራሳችንን እንጠይቅ፦ እንጀራውን ሰጥተን እናሰናብተዋለን ወይስ በመካከላችን ቦታና ሥራ እንሰጠዋለን? የዶሮቲ ሕይወት ሁለተኛውን መንገድ ያሳየናል።