ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግና ያልተሰማው ማስጠንቀቂያቸው

በዓለም የሕክምና ታሪክ ስማቸው ከፔኒሲሊን ጋር ተያይዞ የሚነሳው ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለሰው ልጅ ሁለት ነገሮችን አበርክተው አልፈዋል። አንደኛው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕሙማንን ከሞት የታደገው መድኃኒት ሲሆን፣ ሁለተኛው ይኸው መድኃኒት በአግባቡ ካልተያዘ ኃይሉን እንደሚያጣ የሰጡት ማስጠንቀቂያ ነው።

ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 6 ቀን 1881 በስኮትላንድ፣ ዳርቬል በተባለች ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸውን በሰባት ዓመታቸው በሞት አጥተዋል። በወጣትነታቸው ወደ ለንደን ተጉዘው በአንድ የመርከብ ድርጅት ጽሕፈት ቤት ከሠሩ በኋላ፣ ከአጎታቸው በወረሱት ገንዘብ በሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ሕክምና ተምረው በ1906 ተመረቁ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ሲያገለግሉ በርካታ ቁስለኞች በቁስላቸው በገባ ባክቴሪያ ሳቢያ ሲሞቱ ተመለከቱ። በቁስል ላይ ይደረጉ የነበሩት ጠንካራ ኬሚካሎችም ጥልቅ ቁስል ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ከመግደል ይልቅ የሰውነትን የመከላከያ ሕዋሳት ይጎዱ እንደነበር በጥናታቸው አሳዩ። ሰውነትን ሳይጎዳ ባክቴሪያን የሚገድል ነገር ፍለጋቸውም ቀጠለ።

በመስከረም 1928 ከዕረፍት ሲመለሱ፣ ባክቴሪያ ካሳደጉባቸው የቤተ ሙከራ ሳህኖች በአንደኛው ላይ ሻጋታ በቅሎ፣ በዙሪያው የነበረው ባክቴሪያ ጠፍቶ አገኙ። ከሻጋታው የሚመነጨውን ንጥረ ነገር ፔኒሲሊን ብለው ሰይመው ግኝታቸውን በ1929 አሳተሙ። ይሁን እንጂ ንጥረ ነገሩን አጣርቶ ለሕክምና ማብቃት አልተቻላቸውም። ይህን ከአሥር ዓመት በኋላ ያሳኩት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1941 በኦክስፎርድ መድኃኒቱ የተሰጠው አንድ የፖሊስ ባልደረባ ማገገም ከጀመረ በኋላ፣ ፔኒሲሊኑ በማለቁ ሕይወቱ አልፏል። ሦስቱ ሳይንቲስቶች በ1945 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

በዚያን ወቅት መድኃኒቱ በብዛት መመረት ጀምሮ ስለነበር የፍሌሚንግ ሥጋት እጥረቱ ሳይሆን አጠቃቀሙ ነበር። በታኅሣሥ 1945 በስቶክሆልም ባደረጉት የሽልማት ንግግር አንድ ምሳሌ አቀረቡ። ጉሮሮውን የታመመ ሰው በራሱ ፈቃድ ፔኒሲሊን ገዝቶ ከሚያስፈልገው መጠን በታች ይወስዳል። ባክቴሪያው አይሞትም፤ ይልቁንም መድኃኒቱን ይላመዳል። ሕመሙ ወደ ባለቤቱ ይተላለፋል፤ እርሷም የሳንባ ምች ይዟት በፔኒሲሊን ብትታከም መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ትሞታለች። ለሞቷ ተጠያቂው መድኃኒቱን ያለአግባብ የተጠቀመው ባሏ መሆኑን ፍሌሚንግ አስረድተዋል።

ምሳሌው ዛሬም ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነጥብ ግልጽ ያደርጋል። መድኃኒቱን የሚላመደው የሰውየው ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ሲሞቱ የተረፉት ጠንካሮቹ ይራባሉ፤ በእጅ፣ በምግብና በውኃ አማካይነትም ወደ ሌሎች ይዛመታሉ። በመሆኑም መድኃኒቱን አንድም ቀን ያልወሰደ ሰው መድኃኒት በማይበግረው ባክቴሪያ ሊያዝ ይችላል።

ማስጠንቀቂያው እውን ለመሆን ረጅም ጊዜ አልወሰደበትም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በለንደን ሆስፒታሎች ፔኒሲሊን የማይገድለው ባክቴሪያ ተስፋፋ። ይህን ለመቋቋም በ1959 የቀረበውን ሜቲሲሊን የተባለ መድኃኒት የሚቋቋም ዝርያም በ1961 እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ተገኘ። በ2022 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ በ2019 ብቻ 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ ሞተዋል።

መከላከያው በአብዛኛው በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኝ ነው። እጅን ከምግብ በፊትና ከመፀዳጃ በኋላ በሳሙና መታጠብ፣ ምግብን በሚገባ ማብሰል፣ ንጹህ ውኃ መጠቀምና ክትባትን በወቅቱ መውሰድ ሕመሙ ከመነሻው እንዳይዛመት ያደርጋሉ። ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በቫይረስ ለሚመጣ ጉንፋን አይጠቅምም። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመግዛት፣ የታዘዘውን መጠንና ጊዜ ማክበር፣ የተረፈውንም ለሌላ ሰው አለመስጠት ይገባል።

ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ መጋቢት 11 ቀን 1955 ለንደን ውስጥ በልብ ሕመም አርፈው በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀብረዋል። ያገኙት መድኃኒት ለመጪው ትውልድ መትረፉ ግን ማስጠንቀቂያቸውን በተግባር በሚያውሉት ሰዎች እጅ ነው።