ላም ነበረች በባህር

በሰማይ ስላለችውና ወተቷ ስለማይታየው ላም ያልተረተ የለም። ዛሬ የማወራችሁ ግን በእውነት ስለነበረች የባህር ላምና በሕይወት ሳለች አይቶ ስለጻፈላት ብቸኛ ሳይንቲስት ነው። ጆርጅ ዊልሄልም ስቴለር ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስቴለር በ1709 በጀርመን ተወለደ። መጀመሪያ የተማረው ሥነ መለኮት ነበር፤ ልቡ ግን ወደ ዕፅዋትና ወደ ሕክምና አደላና ሩሲያ ገባ። ዴንማርካዊው ካፒቴን ቪተስ ቤሪንግ ከካምቻትካ ተነስቶ የአሜሪካን ዳርቻ ፍለጋ ሲወጣ አብሮ ተሳፈረ። በ1741 ሐምሌ አላስካ ደረሱ። ከዓመታት ዝግጅት በኋላ ስቴለር ወርዶ እንዲያጠና የተፈቀደለት ግን አሥር ሰዓት ያህል ብቻ ነበር።

ሲመለሱ ስከርቪ መርከበኞቹን ጣላቸው። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ያጣ ሰው ድዱ እየደማ፣ ጉልበቱ እየከዳው የሚሞትበት በሽታ ነው። ኅዳር ላይ ሰው የማይኖርበት ደሴት ጋ ተጣሉ፤ ቤሪንግም ታኅሣሥ ላይ እዚያው ሞተ። ደሴቱ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የተረፉት ጉድጓድ ቆፍረው ብርዱን አሳለፉ። ስቴለር ቅጠላ ቅጠል እየለቀመ ያክማቸው ነበር።

የባህር ላሟ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ርዝመቷ ከ7 ሜትር በላይ፣ ክብደቷ በቶን የሚቆጠር፣ ጥርስ የሌላት፣ ዳር ዳሩን የባህር አረም ስትግጥ የምትውል ገራም እንስሳ ናት። ሰው ሲቀርባት አትሸሽም። ስቴለር እንደታዘበው አንዷ ስትወጋ ሌሎቹ ሊያስጥሏት ይሞክራሉ፤ አንድ ወንድማ የተገደለችበትን ሴት ፍለጋ በማግስቱም በሠልስቱም ወደ ዳርቻው ተመልሷል። መርከበኞቹ በሏት፤ ስቴለርም በላ። አልፈርድበትም፣ የጭንቅ ጊዜ ነበር። በ1742 ነሐሴ ከመርከቧ ስብርባሪ በሠሯት ትንሽ መርከብ ካምቻትካ የገቡት በእሷ ሥጋ በርትተው ነው።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎቹ በመቶዎች የሚቆጠር የባህር ኦተር ቆዳ ይዘው ነበር የተመለሱት። ፀጉሩ ለስላሳ ስለሆነ በቻይና ገበያ ውድ ነበር። ወሬው ሲሰማ አዳኞች ወደ ደሴቶቹ ጎረፉ። ኢኮኖሚክስ ስላጠናሁ ይሁን አላውቅም፣ እኔን የሚቆረቁረኝ ይሄኛው ነው፦ ላሟን ነግዶባት ሊያተርፍ የመጣ የለም። ስንቅ ነበረች፣ ያውም በነጻ። የኦተሩ ቆዳ ዋጋ ሲተመን እሷ ሒሳብ ውስጥ አልገባችም። ባለቤት የላትማ! እኔ ብተዋት ሌላው ይበላታል እያለ ሁሉም ወጋ። ቆስለው አምልጠው ባህር ላይ የሚሞቱትም ብዙ ነበሩ። በ1755 ያኮቭሌቭ የሚባል የማዕድን መሐንዲስ አደኑ እንዲከለከል ለካምቻትካ ባለሥልጣናት አመለከተ። ሰሚ አላገኘም። በ1768 የመጨረሻዋ መገደሏ ተመዘገበ። ስቴለር ካያት 27 ዓመት ብቻ!

ስቴለር ይህን አላየም። ካምቻትካ ላይ ለሚበደሉት የአገሬው ተወላጆች ቆመ፤ እስረኞች ፈትተሃል ተብሎም ተከሰሰ። ወደ ፒተርስበርግ ሲመለስ በ1746 ሳይቤሪያ ውስጥ ቲዩመን ከተማ በትኩሳት ሞተ። ገና 37 ዓመቱ ነበር። ስለ ባህር እንስሳት የጻፈው ሥራ የታተመው በ1751 ነው። ልብ በሉ፣ ያኔ ላሟ ገና አላለቀችም። ዕውቀቱ ነበር፤ የጎደለው ክልከላና የሚያስከብረው አካል ነው።

የቅርብ ዘመዷ ዱጎንግ ግን ዛሬም አለች፤ እዚሁ ጎረቤታችን ቀይ ባህር ውስጥም ትኖራለች። የምትወልደው በዓመታት አንዴ፣ ያውም አንድ ግልገል ነው። ስለዚህ ጥቂት ሲሞትባት መተካት ያቅታታል። ለዓሣ በተጣለ መረብ ተይዛ ትታፈናለች፣ ሞተር ጀልባ ይገጫታል፣ የምትግጠው የባህር ሣር በዳርቻ ግንባታ ደለል ይቀበራል። መረቡን የጣለው እሷን ብሎ አይደለም፤ ሆቴል የሚሠራውም ጠላቷ አይደለም። አሁንም ከሒሳቡ ውጪ ናት ማለት ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ መፍትሔው እሷን ሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ነው። የምትግጥበት ቦታ ይከለል፣ እዚያ መረብ አይጣል፣ ጀልባ ፍጥነቱን ይቀንስ። ይህ ወጪ አለው። ወጪውን ግን የዕለት ጉርሱን ከባህር የሚያገኘው ዓሣ አጥማጅ ብቻውን ይሸከመው ማለት ፍትሕ አይደለም፤ ከባህሩ ዳርቻ የሚያተርፉት ሁሉ ይክፈሉ። የስቴለሯን ላም ያጠፋት በነጻ መገኘቷ ነው።