ያዘነው የድሆች ጠበቃ
የሎርድ ሻፍትስበሪ ሕይወት ለተጨነቀች ነፍስ የሚነግራት ነገር አለው።

አንተኒ አሽሊ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1801 በእንግሊዝ አገር ከባለጠጋ ቤት ቢወለድም የወላጆቹን ፍቅር አላየም። ጸሎት ያስተማረችው የቤቱ ሠራተኛ ማሪያ ሚሊስ ነበረች። እርሷም በልጅነቱ ሞተችበት፤ የተወችለትን ሰዓት ግን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ኖረ።

ከባድ የመንፈስ ጭንቀት አልተለየውም። ሆኖም በሐዘኑ ታስሮ አልተቀመጠም። በ1826 የፓርላማ አባል ሆነ። በዚያ ዘመን በለንደን አንዳንድ የአእምሮ ሕሙማን ከቅዳሜ እስከ ሰኞ በሰንሰለት ታስረው ጭድ ላይ ይተዉ ነበር። ስለ እነርሱ ተሟገተ፤ በ1845 የሚጠብቃቸው ሕግ ወጣ። አያያዛቸውን የሚቆጣጠረውንም ኮሚሽን እስከ ሞቱ ድረስ በሊቀ መንበርነት መራ። በ1842 ደግሞ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እንዳይሠሩ አስከለከለ።

ታዲያ ጭንቀቱ ለቀቀው? ፈጽሞ አልለቀቀውም። ነገር ግን የሌላውን ሸክም ሲያነሣ በማለዳ የሚነሣበት ምክንያት ነበረው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 የበደልን እስራት መፍታትንና የራስን ፈውስ አያይዞ ያነሣል።

በ1885 ሲሞት የለንደን ድሆች ሊሸኙት መንገድ ዳር ቆሙ።

ወገኖች ሆይ፣ በመካከላችን የተጨነቀውን እምነት እንደ ጎደለው አንቁጠረው። እንጸልይለት፣ ወደ ሐኪምም እንውሰደው፤ አቅሙ በፈቀደ መጠን ደግሞ ለተገፉት የሚሠራበትን ስፍራ እንስጠው። ጌታ ይርዳን።