ቀለሙ ሳይደበዝዝ

ትምህርት እየተሰጠ በመስኮት ወጥቶ ወፍ ፍለጋ የሚሄድ ተማሪ በእኛ ባች ቢኖር ምን ስም እንደምናወጣለት ታውቃላችሁ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ግን እንዲህ ያለ ተማሪ ነበረው፤ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1874 በኒውዮርክ ግዛት በኢታካ ከተማ ተወለደ። አባቱ እዚያው ኮርኔል የሲቪል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ። ልጁም አርክቴክቸር ሊማር ገባ፤ ልቡ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ወፍ ላይ ነበር። በ1897 ተመርቆ እንደወጣ የወፍ ሥዕልን እንጀራው አደረገው። ከሁለት ዓመት በኋላም ከአሳሾች ቡድን ጋር አላስካ ድረስ ሄደ።

በዚያ ዘመን ወፍ የሚጠናው ተተኩሶበት ነው። ወፏ ከሞተች በኋላ ላባዋ ቀለሙን ይዞ ይቆያል፤ የዓይኗና ላባ የሌለው ቆዳዋ ቀለም ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ሙዚየም ሲደርስ የለም። ስለዚህ ፉዌርቴስ ደከመኝ ሳይል እዚያው ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይሥላል። እኛ ሐኪሞች ይሄ ነገር ይገባናል፤ በሽተኛው ላይ ያየነውን ምልክት ያኔውኑ ካልመዘገብነው፣ በኋላ ከትዝታ አይገኝም።

በ1919 ዓ.ም. በዊልፍሬድ ኦስጉድ ከተመራው የቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ቡድን ጋር አገራችን መጣ። ከበቅሎ ጓዝ ጋር ወራት ተጉዞ፣ ከመቶ በላይ የአእዋፍና የእንስሳት ሥዕሎችን በውሃ ቀለም ሠራ። ለእሱ እነዚህ መነሻ ብቻ ነበሩ፤ ትልልቆቹን ሥዕሎች አገሩ ሲገባ ሊሠራ ነው።

አልሆነም። በዚያው ዓመት ነሐሴ 16 ቀን ሥዕሎቹን ለወዳጁ ለአእዋፍ ተመራማሪው ለፍራንክ ቻፕማን አሳይቶ ሲመለስ፣ ኡናዲላ አጠገብ የሐዲድ ማቋረጫ ላይ ባቡር መኪናውን ገጨው። ባለቤቱ ቆሰለች፤ እሱ በ53 ዓመቱ ሞተ። ሥዕሎቹ ከመኪናው ተወርውረው ሳይበላሹ ተገኙ። የጉዞ ባልደረባው ሰይደም ከቲንግ ገዝቶ ለሙዚየሙ ሰጣቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ም በአልበም ታተሙ።

ለመነሻ ብሎ የሠራቸው ሥዕሎች ዛሬ ከምርጥ ሥራዎቹ ይቆጠራሉ። ታዲያ ባቾቼ፣ ከመካከላችን ያየነውን ለመጻፍ ጡረታን የምንጠብቅ ስንት ነን?