የጋሪ ኪልዶል አጭር የሕይወት ታሪክ

ኮምፒዩተር ከፕሪንተር ወይም ከዲስክ ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር በሚባል ፕሮግራም አማካይነት ነው። ድራይቨርም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለብዙ ዕቃ የሚያገለግል የጋራ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ፋብሪካው ለራሱ ዕቃ ብቻ ያዘጋጀዋል። የጋራውን ከፋብሪካው ድርሻ በትንንሽ ኮምፒዩተሮች ላይ ለይቶ ያሳየ ሰው ጋሪ ኪልዶል ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ባጭሩ አቀርብላችኋለሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኪልዶል በ1942 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ተወለደ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1972 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ፤ በሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል ከፍተኛ ትምህርት ቤትም አስተማረ። በ1974 ሲፒኤም የተባለውን የኮምፒዩተር ሲስተም ሠራ። ከዚያም ከባለቤቱ ከዶሮቲ ጋር ኩባንያ አቋቋመ።

በዚያን ጊዜ የየፋብሪካው ዲስክ የተለያየ ስለ ነበረ፣ አዲስ ኮምፒዩተር በመጣ ቍጥር ሲስተሙን እንደ ገና ማስተካከል ግድ ይሆን ነበር። ኪልዶል በዚህ ድካም ተሰላችቶ፣ ዕቃውን የሚነካውን ሁሉ ባዮስ በተባለ አንድ ትንሽ ክፍል ሰበሰበው። ፋብሪካው ይህን ክፍል ብቻ ያዘጋጃል፤ የቀረው ለሁሉም አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ እትሞች በ16 ኪሎባይት ማስታወሻ ይሠሩ ነበር።

እኛ የነገሌና የቦረና ቆላ ልጆች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን። በቦረና ጥልቅ ኤላዎች ሰዎች ከታች እስከ ላይ ቆመው ውሃውን በቅብብል ያወጣሉ። አንዱ ደክሞ በሌላ ሲተካ፣ የተተካው ከታች ተቀብሎ ወደ ላይ ያቀብላል እንጂ የሌሎቹን ቦታ አያናጋም።

በ1980 አይቢኤም ለአዲሱ ኮምፒዩተሩ ሲስተም ሲፈልግ፣ ኪልዶልን አነጋግሮ ሳይስማሙ ቀሩ፤ ሥራው ለማይክሮሶፍት ሆነ። የኪልዶልም ሲስተም በኋላ ለዚሁ ኮምፒዩተር ሲቀርብ ዋጋው 240 ዶላር ነበር፤ የተፎካካሪው ግን 40 ዶላር ብቻ። ገዢው ወዴት እንደ ሄደ መገመት አያዳግትም። ሆኖም አይቢኤም ራሱ ባዮስ የሚለውን ስም ወስዶ ተጠቀመበት። ኪልዶል ኩባንያውን በ1991 ሸጦ፣ በ1994 በ52 ዓመቱ ዐረፈ።

ዛሬ አንዳንድ ፋብሪካዎች ከድራይቨሩ ጋር ማስታወቂያና ያልተፈለገ ፕሮግራም ጭነው ይልካሉ። እኔ ባለፈው ዓመት ለአንድ ፕሪንተር የፋብሪካውን ድራይቨር ላውርድ ብል 300 ሜጋባይት ሆነና፣ የገዛሁት ዳታ መንገድ ላይ አለቀ። ይህ ሲፒኤም ይሠራበት ከነበረው ማስታወሻ ከ19 ሺሕ እጥፍ በላይ ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የነበረው የጋራ ድራይቨር ግን ጽሑፉን አትሞ ሰጠኝ። በርግጥ ስካን ለማድረግ ወይም የቀለሙን መጠን ለማወቅ የፋብሪካው የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ዳታችሁን ከመክፈላችሁ በፊት የጋራውን ሞክሩ። ነገ ፕሮግራም ጸሐፊ የምትሆኑም ድርሻችሁን ብቻ ሠርታችሁ ለቀጣዩ አቀብሉ።