ሉዊስ ሃመት

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብባችሁ ከሥሩ የቀረበውን መልመጃ ሥሩ። ዘመናቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአሶሳ አካባቢ ሸክማቸውን በዘንግ ሁለት ጫፍ አንጠልጥለው በትከሻቸው የሚሸከሙ ሴቶችን አይታችሁ ይሆናል። በአንዱ ጫፍ ላይ ጥቂት ማሽላ ቢጨመር ሌላው ጫፍ ማንም ሳይነካው ወደ ላይ ይነሣል። በሞለኪውል ውስጥም በአንድ ወገን የተደረገ ለውጥ በሌላው ወገን ላይ የሚያስከትለውን ውጤት በቁጥር ያሳየ ሰው ነበረ፤ እርሱም ሉዊስ ፕላክ ሃመት ነው።

ሃመት በ1894 በአሜሪካ አገር በዊልሚንግተን ከተማ ተወለደ። በ1916 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ በዙሪክ ከተማ በሄርማን ሽታውዲንገር ዘንድ አንድ ዓመት ተማረ። ከዚያም በኒውዮርክ በሚገኘው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝቶ እስከ 1961 ድረስ በዚያው አስተማረ።

በወጣትነቱ ዘመን የኬሚስትሪ ሊቃውንት በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር። አንደኞቹ አዳዲስ ኦርጋኒክ ውሁዶችን ያዘጋጃሉ እንጂ ለመለካት ብዙም አይደክሙም፤ ሌሎቹ ይለካሉ እንጂ ወደ ኦርጋኒክ ውሁዶች እምብዛም አይቀርቡም። የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነትና ሚዛን ዝምድና የላቸውም ብለው የሚያምኑም ብዙዎች ነበሩ። ሃመት ግን ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ ፈለገ።

ቤንዞይክ አሲድን እንውሰድ። ስድስት ካርቦኖች በቀለበት ተያይዘው አንድ የአሲድ ቡድን ተሸክመዋል። ከቀለበቱ ማዶ ያለው ሃይድሮጂን ወጥቶ ናይትሮ የተባለ ቡድን ቢተካበት፣ ናይትሮ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ስለሚስብ የአሲዱ ብርታት ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል። በናይትሮ ፈንታ ኤሌክትሮን ለጋሹ ሜቶክሲ ቢገባ ግን ብርታቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ሃመት በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ተተኪ ቡድን ሲግማ የተባለ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ለውጥ ደግሞ ሮ የተባለ ቁጥር ሰጠ። የናይትሮ ሲግማ 0.78 ነው። የቤንዞይክ አሲድ ኤስተር አልኮል ባለበት ውሃ ውስጥ በአልካሊ ሲፈርስ ሮው 2.5 ገደማ ነው። ብዜታቸው 1.95 ይሆናል፤ አሥርን በዚህ ቁጥር ከፍ ብታደርጉት ፍጥነቱ ወደ 90 እጥፍ እንደሚጨምር ታገኛላችሁ። በአሲድ ሚዛን የተገኘው ቁጥር የሌላውን ለውጥ ፍጥነት አስቀድሞ ተናገረ ማለት ነው።

ደንቡ ተተኪው ከአሲዱ ቡድን አጠገብ ሲሆን አይሠራም፤ መጨናነቅ ይፈጠራልና። ሃመት ይህን አልሸሸገም። ደንቡ የሚሠራበትን ወሰን ለይቶ አመለከተ እንጂ ለሁሉም ይበቃል አላለም።

በ1940 ያወጣው መጽሐፍ ለትውልድ መማሪያ ሆነ። በ1961 የፕሪስትሊን ሜዳይ ተሸለመ፤ በ1987 በ92 ዓመቱ አረፈ። መድኃኒት የሚሠሩ ኬሚስቶች የትኛውን ቡድን በየት ቢተኩ እንደሚሻል ሲያስቡ ዛሬም በእርሱ መንገድ ይሄዳሉ። እናንተም ከሃመት ሕይወት የመለካትን ትጋትና ወሰንን የማወቅን ትሕትና ተማሩ።

መልመጃ
1. ናይትሮና ሜቶክሲ በአሲዱ ላይ የሚያስከትሉት ውጤት ለምን ተለያየ?
2. “ለጋሽ” እና “ወሰን” የሚሉትን ቃላት በየዐረፍተ ነገሩ አግብታችሁ ጻፉ።
3. የአንድን ደንብ ወሰን ማወቅ ስለሚሰጠው ጥቅም አንድ አንቀጽ ጻፉ።