ራሞን ኢ ካሃልና የነርቭ ምስጢር

ጣታችንን እሳት ሲነካው እጃችንን የምንሰበስበው ሳናስብ ነው። ወሬው ከጣት ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር ይገባል፤ ትእዛዙም ከዚያው ወደ ጡንቻ ይመለሳል። አንጎል ሕመሙን የሚያውቀው እጃችን ከተነሣ በኋላ ነው። ይህን ዛሬ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንማረዋለን። ነገር ግን መልእክቱ የሚጓዝበት መንገድ ከምን እንደ ተሠራ ያሳየን ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ስለ ሆነ፣ ሕይወቱን ባጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ካሃል በ1852 በሰሜን እስፓኝ፣ ፔቲያ ደ አራጎን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። ልጁ ግን ከሥዕል በቀር የሚወደው አልነበረም። አባትየው ሥዕልን ሥራ ፈትነት ነው ብለው ከለከሉት፤ ባስቸገራቸውም ጊዜ ለጸጉር አስተካካይና ለጫማ ሰፊ በተለማማጅነት ሰጡት። በ11 ዓመቱ ራሱ በሠራው መድፍ የጎረቤት በር ሰብሮ እስከ መታሰር ደርሷል። በ1868 አባትየው ዘዴ ለወጡ፤ ከመቃብር ቦታ የሰው አጥንት እየሰበሰቡ ያስጠኑት ጀመር። ልጁም አጥንቱን ሲሥል ሕክምናን ወደደ።

በ1873 በሳራጎሳ በሐኪምነት ተመረቀ። በማግሥቱ ዓመት በጦር ሐኪምነት ወደ ኩባ ተላከና ወባ ይዞት በ1875 ተመለሰ። ከወታደር ደመወዙ ባጠራቀመው ገንዘብም ማይክሮስኮፕ ገዛ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ነርቮች ሁሉ እንደ ዓሣ መረብ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ አንድ ወጥ ነገር ናቸው ይሉ ነበር። ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም። ሁሉም ከሁሉም ጋር ከተቀላቀለ፣ ከጣት የተነሣው ወሬ ወደ ትክክለኛው ጡንቻ እንዴት ይደርሳል?

ኢጣሊያዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 በብር ጨው የነርቭ ሕዋስን የሚያጠቁር ዘዴ አግኝቶ ነበር። ዘዴው ከብዙዎቹ ሕዋሳት ጥቂቶቹን ብቻ ስለሚያጠቁር፣ አንዱን ሕዋስ ከነቅርንጫፎቹ ለይቶ ያሳያል። ካሃል ይህን በ1887 በማድሪድ አየ። ከዚያም በባርሴሎና ሆኖ ማቅለሙን እየደጋገመ፣ ክሮቻቸው ገና በስብ ያልተሸፈኑ ሽሎችንና ግልገል እንስሳትን እየመረጠ ሠራ። በ1888 የወፍን ትንሹን አንጎል መርምሮ፣ ክሮቹ ተጠጋግተው ያልቃሉ እንጂ አይቀላቀሉም አለ። በ1891ም መልእክት በዴንድራይቶች ገብቶ በአክሰን የሚወጣ ባለ አንድ አቅጣጫ መሆኑን አስረዳ። ያን የተከለከለውን ሥዕል አሁን ለዚህ ሥራ አዋለው።

ግኝቱን የሚያወጣለት ስላልነበረ በ1888 በገዛ ገንዘቡ መጽሔት አቋቋመ፤ ያሳተመውም 60 ቅጂ ብቻ ነበር። በእስፓኝኛ ስለ ተጻፈ በውጭ አገር የሚያነበው ጥቂት ሆነ። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1889 የናሙና መስተዋቶቹን ይዞ ወደ በርሊን የአናቶሚ ጉባኤ ሄደና ሊቃውንቱን አንድ በአንድ ወደ ማይክሮስኮፑ ጠራ። የታወቀው አልበርት ፎን ክሊከር አይቶ አመነ። በ1891 ዋልዳየር ለነርቭ ሕዋስ ኒውሮን የሚል ስም ሰጠው።

በ1906 የኖቤል ሽልማት ለካሃልና ለጎልጂ በጋራ ተሰጠ። ጎልጂ ግን በዚያው መድረክ የካሃልን አሳብ ተቃወመ። ሁለቱም በአንድ ቀለም ተጠቅመው የተለያየ ነገር አዩ ማለት ነው። ካሃል በ1934 በማድሪድ ሞተ። ፍርዱ የመጣው በ1950ዎቹ ነው፤ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በነርቭ መገናኛ ላይ ክፍተት እንዳለ አሳየ። ስፋቱም በአብዛኛው ከአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮን እጅ 20 ያህሉ ብቻ ነው።

ጎልጂ ዘዴውን ፈለሰፈ፤ ካሃል ግን ያየውን ከለመደው አሳብ አስበልጦ አመነ። እኛ ተማሪዎች መሣሪያ የለንም፣ ቋንቋችንን የሚያነብ የለም እያልን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው። መሣሪያ ማጣት እውነተኛ ችግር መሆኑን አንክድም። ሆኖም ይህን መጽሔት በማባዣ የምናባዛ ሁሉ 60 ቅጂን ልንንቅ አይገባንም፤ ዋናው ቁም ነገር በውስጡ የሚጻፈው በዓይን ታይቶ የተረጋገጠ መሆኑ ነው።